«የቀዘቀዘ ፅንስ ዝውውር»፦ በአንድ ሙያዊ ስያሜና በባልንጀሮቹ ላይ የቀረበ ሂስ

ከማኅፀን ውጭ በላቦራቶሪ የተገኘ ሽል በጥልቅ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ከቆየ በኋላ ወደ ማኅፀን የሚገባበት ሕክምና በዓለም ላይ ከተጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል። በዚህ መንገድ የተገኘው የመጀመሪያው እርግዝና በ1983 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያው ልደት ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ተመዘገበ። በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር የሚያስሄደው ይህ ሕክምና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሆኗል። የአገር ውስጥ ጉዳይ የሆነ ነገር ሁሉ ስም ይፈልጋል። ስሙም መጥቷል፤ ነገር ግን የመጣው ከሐኪሙ አፍና ከተርጓሚው ብዕር በጥድፊያ እንጂ በቃላት መርማሪ እጅ አልፎ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሕክምናውን ሳይሆን ሕክምናው በአማርኛ የሚጠራበትን ቃል ነው። በሌሎች የሳይንስ ዘርፎች ያልተሟላ ስያሜ ቢወጣ ጉዳቱ የሚደርሰው በተማሪው ላይ ነው፤ ተማሪውም ውሎ አድሮ ያርመዋል። እዚህ ግን ቃሉ የሚያርፈው ባልና ሚስት በሚፈርሙበት የስምምነት ቅጽ ላይ ነው። ከእነዚህም መካከል ከአዲስ አበባ ብዙ ርቀው የሚኖሩ አሉ። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ ወይም ከሸነን ተነሥተው ወደ መዲናይቱ የሚመጡ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች በአብዛኛው አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለሆነም የእንግሊዝኛው ቃል ወደ አማርኛ፣ የአማርኛው ደግሞ በአንድ ዘመድ ወይም በአንዲት ነርስ አፍ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተዛነፈ ቃል በሁለተኛው ይበልጥ እንጂ አይቃናም።

ለምርመራ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እነሆ፦ «በቀዘቀዘ ፅንስ ዝውውር ዑደት የሆርሞን ደረጃ ከፍተኛ ሲሆን የእርግዝና ስኬት ይጨምራል።» ዓረፍተ ነገሩን ለምሳሌ ያህል ያቀናበርሁት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ከውጭ ቋንቋ የጤና ጽሑፍ ጋር የታገለ ተርጓሚ ሁሉ የዚህን ወንድም ወይም እኅት ሳያውቅ አይቀርም። ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ከ«ሆርሞን» በቀር ቃላቱ በሙሉ አማርኛ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አንባቢውን ከአንድም አምስት ቦታ ላይ ያሳስታል።

ከ«ፅንስ» እንጀምር። ፀነሰ የሚለው ግስ ከግእዝ የወረስነው ሲሆን ባለቤቱ ሴት ናት፤ «ፀነሰች» እንላለን። ፅንስ የዚያ ድርጊት ውጤት ነው። እንግዲህ ፀናሽ በሌለችበት ፅንስ ማለት፣ ወላጅ በሌለበት ልደት እንደ ማለት ነው። በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ያለው ነገር ገና በማንም ሆድ አላደረም፤ ማንም አልፀነሰችውም። ይህን «ፅንስ» ብሎ መጥራት የቃሉን ሥር መካድ ብቻ ሳይሆን ለታካሚዋ ያልተደረገላትን ነገር እንደ ተደረገ መንገር ነው። «ፅንሱ ማኅፀንሽ ውስጥ ገብቷል» የተባለች ሴት በአማርኛው ሕግ ፀንሳለች። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በሚደረገው የደም ምርመራ «እርግዝና የለም» ስትባል፣ ለእርሷ የሚሰማት ያልተያዘ ነገር ሳይሆን የተያዘና የጠፋ ነገር ነው። ኀዘኑ የውርጃ ኀዘን ይሆናል። ያልሠመረ ሙከራ በራሱ የሚያሳዝን ሆኖ ሳለ፣ ባልሆነ ውርጃ ኀዘን ላይ ኀዘን የሚጨምረው ቃሉ ነው።

ለዚህ ደረጃ ተስማሚ ቃል አማርኛ አልጎደለውም፤ «ሽል» አለ። ሽል በሕዝብ አፍ ከፅንስ ጋር እየተቀያየረ ይነገራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ያሉት ቋንቋ ለሁለት ተቀራራቢ ጽንሰ ሐሳቦች ድንበር ለማበጀት ዕድል ያገኘ ቋንቋ ነው። በሥነ ሕይወት ከመዳበር አንሥቶ እስከ 8ኛው ሳምንት መጨረሻ ያለው አንድ ስም፣ ከዚያ በኋላ እስከ ልደት ያለው ሌላ ስም አለው። ለፊተኛው ሽል፣ ለኋለኛው ፅንስ ብንል ሁለቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ። በተጨማሪም ሽል ከ«ፀነሰች» ጋር የግስ ዝምድና ስለሌለው ከማኅፀን ውጭ ላለውም ያለ ቅራኔ ያገለግላል። «ጽንሰ ሐሳብ» ስንል ቃሉን ለአእምሮ መስጠታችን ተቃውሞ ይሆናል የሚል ቢኖር፣ እዚያም ሐሳቡን የሚፀንስ አንድ አእምሮ መኖሩን ያስተውል።

ሁለተኛው እንቅፋት «የቀዘቀዘ» ነው። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክር በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። በከተማ ቤት ማቀዝቀዣ የሚባለው ዕቃ ወተትና ሥጋ የሚቀመጥበት ነው፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ነው። ሽል የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል «የቀዘቀዘ» የሚለው ቃል አያሳይም። ከዚህም በላይ ቃሉ በአማርኛ የመዳከም ፍች አለው፦ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ነገር ይቀዘቅዛል፣ ፍቅር ይቀዘቅዛል፤ የሞተ ሰው ገላም ይቀዘቅዛል። ልጅ ለምትጠብቅ ሴት የተመረጠ ቃል ይህ ሊሆን አይገባም ነበር።

«በበረዶ የተቀመጠ» የሚሉም አሉ፤ ይኸኛው ከፊተኛው ይብሳል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዘዴ ዋና ዓላማ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሠራ ማድረግ ነው። የበረዶ ቅንጣት ሕዋስን ይበሳል፤ ስለዚህ ሽሉ ከመከላከያ ፈሳሽ ጋር በቅጽበት እንዲቀዘቅዝና ውሃው እንደ መስታወት ሆኖ እንዲጠጥር ይደረጋል። እንግዲህ «በረዶ» ማለት ሐኪሙ ሊያስቀረው የሚደክምበትን ነገር ለሥራው ስም አድርጎ መስጠት ይሆናል። በጀልዱና በደንዲ ደጋ ላይ ለሚያርሰው ሰው ደግሞ የብርድ ነገር ሌላ ትዝታ አለው፤ ውርጭ የመታው ባቄላና ድንች በማግሥቱ ጠቁሮ ይገኛል። ለዚህ ገበሬ ሚስት «በብርድ የደረቀ» ወይም «በረዶ የሆነ» ብለን ብንነግራት፣ እንዴት ተመልሶ ሕይወት ይኖረዋል ብላ መጠየቋ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የቋንቋ ዕውቀት ነው።

«የረጋ» የሚለውን ያቀረቡልኝ አንድ የቋንቋ መምህር ነበሩ፤ ቅቤ ይረጋል፣ ሲሞቅም ይቀልጣል፣ ጠባዩም አይለወጥም በማለት። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ወተትም ይረጋል፣ የረጋ ወተትም ወደ ወተትነት አይመለስም። የረጋ ደምም እንዲሁ። ቃሉ በአንድ እጁ የሰጠውን ተስፋ በሌላው ይነሣል።

በእኔ አስተያየት ስህተቱ የሚመነጨው የባዕዱ ቃል የያዘውን ምስል ለመተርጎም ከመሞከር ነው። በአማርኛ ሊነገር የሚገባው ሽሉ መቀዝቀዙ ሳይሆን ለኋላ ጊዜ ተጠብቆ መቆየቱ ነው። ቅዝቃዜ መሣሪያ ነው፤ ጥበቃ ዓላማ ነው። ስለዚህ «በቅዝቃዜ የተጠበቀ ሽል» ብንል መሣሪያውም ዓላማውም በየቦታው ይገባል። ከቅዝቃዜው የሚወጣበትን ሥራ ደግሞ «ማቅለጥ» ከማለት «ማንቃት» ማለት የሚሻል የሚመስላቸው አሉ። ማንቃት ግን ሽሉ ተኝቶ ነበር ያሰኛል፤ ይህም የግጥም ቋንቋ ነው። «ወደ ሙቀቱ መመለስ» ያልተዋበ ቢሆንም ሐቅ ነው፤ የሚደረገውም በትክክል ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ምዕራብ ሸዋን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። በዚህ አካባቢ የጥልቅ ቅዝቃዜ ቋንቋ አስቀድሞ የገባው በከብት በኩል ነው። ሆለታ የግብርና ምርምርና የወተት ላም እርባታ ስፍራ በመሆኗ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተጠበቀ የኮርማ አባለ ዘር ከሰው ሕክምና ብዙ ዓመት ቀድሞ በገበሬው ዘንድ ታውቋል። ከእርሱም ጋር «ሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል» የሚለው ስያሜ ታወቀ። ለከብት ስያሜው ሠምሯል፤ ከባዕድ ዝርያ ጋር የተገኘችው ጊደር ድቅል ትባላለች፣ ባለቤቷም ይኮራባታል። ነገር ግን ማዳቀል፣ ድቅልና ዲቃላ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሰው ላይ ሲነገር ዲቃላ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። «በማዳቀል የተወለደ ልጅ» የሚል አነጋገር ከጤና ማብራሪያ ወደ መንደር ወሬ ለመውረድ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። የእናቱና የአባቱ ሆኖ ሳለ በቃል ብቻ ዲቃላ የሚሆን ልጅ አይኑር። ለሰው «ማዳበር» ይበቃል፤ ዕንቁላል ዳበረ፣ ያልዳበረ ዕንቁላል እንላለንና። «ሰው ሠራሽ» የሚለውም ቅጽል ከዚህ መንደር መውጣት አለበት። ጥርስ ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ግን ሰው ሠራሽ አይባልም።

ሦስተኛው «ዝውውር» ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ይዛወራል፣ ገንዘብም ይዘዋወራል። ቃሉ የመሥሪያ ቤት ሽታ ቢኖረውም ጥፋቱ ይህ አይደለም። ጥፋቱ ከ«መትከል» ጋር እየተቀያየረ መነገሩ ነው። በሕክምናው ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች አሉ፤ አንደኛውን ሐኪሙ ያደርገዋል፣ ሁለተኛውን ሽሉ ራሱ ያደርገዋል ወይም ሳያደርገው ይቀራል። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ሽሉን በማኅፀን ውስጥ ያኖረዋል፤ ሽሉ ከቀናት በኋላ በማኅፀን ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን «መትከል» ብሎ መጥራት የሐኪሙን ድርጊት ከውጤቱ ጋር አንድ ያደርገዋል። የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ሊደርቅ እንደሚችል ገበሬው ቢያውቅም፣ ቅጹን የሚያነበው ሰው «ተተክሏል» ሲባል ጉዳዩ አልቋል ብሎ ነው የሚረዳው።

ለፊተኛው «ማሳረፍ»፣ ለኋለኛው «መስረጽ» ይሻላል እላለሁ። ማሳረፍ ገራም ቃል ነው፤ የሚያሳርፍ እንዳለ ያሳያል፣ ያረፈው ይቀመጥ አይቀመጥ ግን ቃል አይገባም። ሰረጸ ደግሞ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲገባ የምንለው ነው፤ ባለቤቱም ራሱ የሚገባው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥርጸትን በነገረ መለኮት እንደሚጠቀሙበት፣ የግብርና ባለሙያዎችም ለቴክኖሎጂ መስፋፋት እንደ ወሰዱት ይታወቃል። ሦስተኛ ፍች ቢጨመርለት የሚደናገር አንባቢ ይኖራል ብዬ አልሰጋም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

ስለ «ሆርሞን» ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ንጥረ ቅመም» ለማሰኘት የሚጥሩ አሉ። ቅመም ግን ከውጭ የሚጨመር፣ ሲጨመርም የሚያጣፍጥ ነው፤ ሆርሞን በተፈጥሮው ከሰውነት ውስጥ የሚመነጭ መልእክተኛ ነው። ስታርሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሲያወጣ የተነሣው ማንቀሳቀስን ከሚያመለክት የግሪክ ግስ ነበር። «ሆርሞን» ዛሬ በአምቦ ገበያ ሳይቀር የሚሰማ ቃል ነው፤ ሕዝብ የተቀበለውን ቃል መዝገበ ቃላት ሊያባርረው አይችልም። የአምቦ ስም እንኳ ከከተማ ስምነት አልፎ ለማዕድን ውሃ መጠሪያ የሆነው በማንም የስያሜ ኮሚቴ ውሳኔ አልነበረም። ፕሮጀስትሮንና ኢስትራዲዮልም በውሰት ይቅሩ። ሰዎች እንደሚያስቡት ከጥንት የመጡ የተከበሩ ስሞች አይደሉም፤ ፕሮጀስትሮን የሚለው ስም ተመራማሪዎች በ1935 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲሰበሰቡ ለአንድ ነገር ይነገሩ ከነበሩ ሁለት ተፎካካሪ ስሞች ቆርጠው የገጣጠሙት ነው። ስምምነት ስያሜን ሊፈጥር እንደሚችል ለእኛም አብነት ይሆናል።

የሚያስቸግረው ከሆርሞን ጎን የሚቆመው «ደረጃ» ነው። ደረጃ መወጣጫ ነው፤ ማዕርግ ነው፤ የዕቃ ጥራት ነው። «ከፍተኛ ደረጃ ያለው ቡና» ስንል ብዛቱን አይደለም የምንናገረው። ስለዚህ «ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ፕሮጀስትሮን» የተባለች ሴት የተሰጣት መድኃኒት የረከሰ ነው ብላ ብትጠረጥር አማርኛዋ ልክ ነው። «መጠን» ከዚህ ይሻላል፤ እርሱም ግን ሁለት ጌታ ያገለግላል። የሚዋጠው መድኃኒት መጠን አለው፤ በደም ውስጥ የሚገኘውም መጠን አለው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በሴት ብልት በኩል የሚሰጥ ፕሮጀስትሮን በማኅፀን ውስጥ በብዛት ሲገኝ በደም ምርመራ አነስተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በመርፌ የሚሰጠው ደግሞ በደም ውስጥ ከፍ ይላል። አንድ ዓይነት መድኃኒት በእኩል ልክ የወሰዱ ሁለት ሴቶችም የተለያየ ውጤት ያሳያሉ። እንግዲህ ለሚሰጠው «ልክ»፣ በደም ለሚገኘው «ይዘት» ብንል፣ «ልኩ ሳይቀነስ ይዘቱ አነሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ይገባል። በ«መጠን» ብቻ ግን «መጠኑ ሳይቀነስ መጠኑ አነሰ» ይሆናል፤ ይህም እንቆቅልሽ ነው።

የደም ይዘት ለምን ይለካል ለሚለውም ስያሜው ሊረዳ በተገባ ነበር። ማኅፀን ሽልን ለመቀበል የሚዘጋጀው በሁለት ዓይነት ነው። በተፈጥሮ ዑደት ዕንቁላል ከወጣ በኋላ በዕንቁልጢዋ ላይ የሚቀረው እጢ መሳይ አካል ፕሮጀስትሮን ያመነጫል። በመድኃኒት በሚዘጋጀው ዑደት ግን ዕንቁላል ስለማይወጣ ይህ አካል አይኖርም፤ ሽሉን የሚያቆየው ፕሮጀስትሮን በሙሉ ከመድኃኒት ይመጣል። ከዚህ የተነሣ በዚህኛው ዑደት፣ ሽሉ በሚያርፍበት ቀን አካባቢ የፕሮጀስትሮን ይዘት በሚሊሊትር ደም ከ10 ናኖግራም አካባቢ በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ልጅ የመውለዱ ዕድል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በርካታ ጥናቶች ዘግበዋል። የኢስትራዲዮልን ነገር የመረመሩት ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ያን አካል በላቲኑ ቃል በቃል «ቢጫ አካል» የሚሉት ተርጓሚዎች አሉ፤ «ቢጫ አካል የለዎትም» የተባለች ታካሚ ምን ትመልስ? ቢጫ ወባን የሚያውቅ አገር ስለ ሌላ ቢጫ ሲሰማ መልካም ነገር አይጠብቅም። «የዕንቁላል ማኅደር» ቢባል ማኅደር ቀድሞ የያዘውን ሰጥቶ የቀረ መያዣ መሆኑን ያሳያል።

ከላይ ባለው የናሙና ዓረፍተ ነገር ግን «ከፍተኛ ሲሆን … ይጨምራል» ተብሏል። ይህ የቃል ስህተት ሳይሆን የአያያዥ ስህተት ነው፤ ተርጓሚዎችም እምብዛም አይጠነቀቁለትም። ጥናቶቹ ያሉት ከአንድ ወሰን በታች ዕድሉ ያንሳል ነው እንጂ በጨመሩ ቁጥር ይጨምራል አይደለም። አብሮ መታየትም ምክንያት መሆን አይደለም። በአማርኛ «ሲሆን» ጊዜንም ምክንያትንም ሊይዝ ስለሚችል፣ አንባቢዋ ተጨማሪ ኪኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ብትወስድ ዓረፍተ ነገሩ ፈቅዶላታል።

የቀረው «የእርግዝና ስኬት» ነው። ስኬት የነጋዴና የፈተና ቃል ነው፤ ከዚህም የሚከፋው የቱን እንደሚቆጥር አለመናገሩ ነው። በጥናቶች ዘንድ በደም ምርመራ ብቻ የታወቀ፣ በአልትራሳውንድ የታየና በሕይወት የተወለደ ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ቁጥራቸውም ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ማስታወቂያ ከላይኛው ቁጥር ቢይዝ፣ ሌላው ከታችኛው፣ ሁለቱም «ስኬት» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አማርኛ ግን ለዚህ መሰላል አለው፦ ፀነሰች፣ አረገዘች፣ ወለደች። በደም ብቻ የታወቀውን «ፅንሰት»፣ በምስል የታየውን «እርግዝና»፣ የመጨረሻውን «በሕይወት ልደት» ብንል ሕዝቡ የሚናገረውን ከማጥራት በቀር አንዳች አልፈጠርንም። ከመሰላሉ መውረድም የራሱ ግስ አለው፤ «አስወረዳት» ስንል ባለቤት የሌለው ግስ ነው፣ ሴቲቱም ጥፋተኛ አትሆንም። የአፋን ኦሮሞው «ኡልፋ» ክብደትንም ነፍሰ ጡርነትንም በአንድ ቃል ሲይዝ፣ ለክብር ከሚነገረው «ኡልፊና» ጋርም ይዛመዳል። በአምቦ በኩል የሚያስተረጉም ሰው ይህን ቃል ገና በደም ምርመራ ለሚጠበቅ ነገር እንዳይጠቀምበት መጠንቀቅ አለበት፤ ክብሩ ቀድሞ ከተሰጠ መልሶ መውሰዱ ከባድ ነውና።

በነዚህ ማሻሻያዎች ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በቅዝቃዜ የተጠበቀ ሽል፣ በመድኃኒት በተዘጋጀ ማኅፀን ውስጥ በሚያርፍበት ቀን አካባቢ በደም ውስጥ ያለው የፕሮጀስትሮን ይዘት ከተወሰነ ወሰን በታች ሆኖ የተገኘባቸው ሴቶች፣ በሕይወት የመውለድ ዕድላቸው አንሶ ታይቷል።» ረዝሟል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለቅጽ ራስጌና ለሠንጠረዥ «የተጠበቀ ሽል ማሳረፍ» ይበቃል። ታካሚዋ በምታነበው ገጽ ላይ ግን ቃል መቆጠብ ምን እንደሚያተርፍ አይታየኝም።

በዚያው ገጽ ግርጌ፣ ካረፉት በኋላ በናይትሮጅን ውስጥ የሚቆዩት ሽሎች ምን ይደረጉ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተርጓሚዎች «ትርፍ ሽሎች» ብለው ሲጽፉ ይታያል። ትርፍ የማያስፈልግ ነው፤ የንግድ ሲሆን ደግሞ የሚፈለግ ነው፤ ሁለቱም ለዚህ ቦታ አይሆኑም። ባልና ሚስቱ ገና ሳይወስኑ ቃሉ ወስኖላቸዋል። «ቀሪ ሽሎች» ይባል።